ድንች በማዳበሪያ ከረጢት፦ አፈሩ እንዴት ይቀላቀል?

ጥያቄ (ደሴ)፦ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ላይ ድንች ልተክል ነው። ያለኝ ዋልካ አፈርና የላም ፍግ ነው። ስንት በስንት ልቀላቅል?

መልስ፦ አብሽር! ዋልካውን ብቻውን ግን እንዳትሞክረው፤ ውሃ ይቋጥርና ድንቹ ይበሰብሳል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። 2 እጅ አፈር፣ 2 እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ 1 እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ። ጥሬ ፍግ ቅጠል ብቻ ነው የሚያሳድገው። ከረጢቱን ከሥር ብሳው።

መልስ፦ አመድ አታብዛበት፣ ልጣጩን እከክ ያስይዘዋል። መጀመሪያ 15 ሳንቲ ሜትር ሙላና ያቆጠቆጠ ዘር 3 አስቀምጥ፤ 10 ሳንቲ ሜትር አልብሰው። ግንዱ 20 ሲደርስ ግማሹን ቅበር። ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አይበላም።

መልስ፦ ኮምቦልቻ ላላችሁ ጣጣው ሙቀቱ ነው። ከረጢቱን ከቀትር ፀሐይ ጋርዱት፤ አፈሩ ከጋለ ድንች አይቋጥርም።