ቫኑዋቱ የተመዘገበ ኩባንያ አለኝ፣ ባንክ ግን አልቀበል አለኝ (አስቸኳይ)

የቀበና ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የፓስፊክ ደሴት አገር በሆነችው ቫኑዋቱ ኩባንያ በወኪል አስመዝግቤ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ደርሶኛል። ወኪሉ «የባንክ ሂሳብ መክፈት ቀላል ነው» ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛውም ባንክ ማመልከቻዬን መለሰው። የጻፉልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ኩባንያው የተመዘገበበት አገር ከምንቀበላቸው አገሮች ውጭ ነው።» ጀርመን ያለው ደንበኛዬ ክፍያውን እስከ ዓርብ ማስተላለፍ ስለሚፈልግ የሂሳብ ቁጥር ላክ እያለኝ ነው። ወኪሉ ስልክ አያነሳም። የሚቀበለኝ ባንክ የትኛው ነው?

ዳሞት፦ ሰነዶችህን በአፖስቲል (የአንድ አገር ሰነድ በሌላ አገር እንዲታመን የሚሰጥ ማረጋገጫ) አረጋግጠሃል? የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን፣ የመተዳደሪያ ደንቡንና የዳይሬክተሮቹን ዝርዝር አንድ ላይ አስረጋግጥ። የፓስፖርትህ ቅጂ፣ የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃና የገንዘቡን ምንጭ የሚያሳይ ወረቀትም ይጠይቁሃል።

ጋሽ ተሰማ፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይሻላል። ቫኑዋቱ እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጋራ የሚገዟት ኒው ሄብሪዲስ ነበረች። የገቢ ግብር የላትም። መንግሥቷ ከሚተዳደርባቸው ገቢዎች ዋነኞቹ ቀረጥና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ናቸው። አንተ የያዝከው ዓይነት ኩባንያ የሚቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው የዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ሕግ ነው። የገንዘብ ማጠብን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 አገሪቱን በክትትል ዝርዝር ውስጥ አስገብቷት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በግብር ጉዳይ የማይተባበሩ ከሚላቸው አገሮች ተራ መድቧታል። ትልልቅ ባንኮች ለጥቂት ደንበኛ ብለው ይህን ሁሉ የማጣራት ጣጣ አይፈልጉም። ስለዚህ እምቢታው በአንተ ላይ የመጣ አድርገህ አትውሰደው።

ምጥን ሹሮ፦ ጋሽ ተሰማ፣ ልጁ ቤቱ እየተቃጠለ ውኃ ቢጠይቅዎ የወንዙን ታሪክ ነገሩት! ለማንኛውም ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር አልነገርከንም። የምትኖረው የት ነው? የየትኛው አገር ዜጋ ነህ? መልሱ በሙሉ በዚህ ይወሰናል።

የቀበና ልጅ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ግን ይህ ምን ለውጥ ያመጣል? ኩባንያው እኮ ያለው ቫኑዋቱ ነው።

ዳሞት፦ አፖስቲሉን አስደርግ። ያለ እርሱ የትም አትደርስም።

መርካቶ 77፦ እኔ የማይገባኝ ከመነሻው ቫኑዋቱ ለምን እንዳስፈለገ ነው። የምትሠራው ሜሪላንድ ተቀምጠህ፣ ደንበኛህ ጀርመን። ከቫኑዋቱ ዋና ከተማ ከፖርት ቪላ ጋር ምን አገናኘህ?

የቀበና ልጅ፦ ግብር የለም ስለተባለ ነው። ሌባ አይደለሁም፤ ሶፍትዌር ሠርቼ ነው የምሸጠው።

ሰናይት (የሂሳብ ባለሙያ)፦ ወንድሜ፣ ሌባ ያለህ የለም፤ ግን በጥሞና አንብበኝ። ግብር የለም የተባልከው እውነት ነው፣ ለቫኑዋቱ። አሜሪካ ግን ዜጋዋንም ግሪን ካርድ ያለውንም ገቢው ከየትም ቢመጣ ግብር ታስከፍላለች። ኩባንያው የአንተ ብቻ ከሆነ በየዓመቱ ከግብር ማስታወቂያህ ጋር ስለ ውጭ አገር ኩባንያህ የሚያሳውቀውን ፎርም 5471 ማያያዝ አለብህ። ገቢ ባይኖረውም ግዴታው አይቀርም። ካላቀረብክ ቅጣቱ ለአንድ ዓመት ከ10,000 ዶላር ይጀምራል። ውጭ አገር ያሉህ ሂሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ደግሞ ኤፍባር የሚባለውን ሪፖርት ለብቻው ታስገባለህ። ወኪሉ ይህን ሳይነግርህ ገንዘብህን መቀበሉ በጣም ያሳዝናል።

የዓርቡን በተመለከተ፦ ከጀርመኑ ደንበኛ ጋር የተፈራረምከው በማን ስም ነው?

የቀበና ልጅ፦ በኩባንያው ስም።

ሰናይት (የሂሳብ ባለሙያ)፦ እንግዲያው የግል ሂሳብ ቁጥርህን ዝም ብለህ እንዳትልክለት። በኩባንያ ስም የተዋዋልከውን ገንዘብ በግልህ ከተቀበልክ ባንክህም የደንበኛህ ሂሳብ ክፍልም ይጠይቁሃል። ውሉን በስምህ የሚያዛውር አጭር ማሻሻያ ጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙ። ከዚያ አዲስ የክፍያ መጠየቂያ በስምህ ላክ፣ ገንዘቡም እዚያው አሜሪካ ባለው ሂሳብህ ይግባ። ለወደፊቱ ኩባንያ ካስፈለገህ ሜሪላንድ ውስጥ ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ማቋቋም ትችላለህ። ዓመታዊ ሪፖርቱ 300 ዶላር ያስከፍላል፤ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ግን እንዲህ አያንከራትትህም።

ዓባይ ማዶ፦ እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ለእኔስ ያዋጣኛል?

ምጥን ሹሮ፦ አያዋጣህም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የኢትዮጵያ ነዋሪ ከውጭ ባገኘውም ገቢ ላይ ግብር ይከፍላል። ውጭ አገር የባንክ ሂሳብ መያዝ ደግሞ በብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ የሚገዛ ነገር ነው። መመሪያውን ሳታነብ ለማንም ወኪል ገንዘብ እንዳትልክ።

የቀበና ልጅ፦ ሰናይት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለደንበኛው አሁኑኑ እጽፍለታለሁ። ኩባንያውን ግን ዝም ብዬ ዓመታዊ ክፍያውን ባልከፍል በራሱ ይሰረዝ የለ?

ሰናይት (የሂሳብ ባለሙያ)፦ ከመዝገብ ሊሰረዝ ይችላል፣ ግን እንደዚያ አትተወው። በሥርዓቱ እንዲዘጋ በጽሑፍ ጠይቅና የመዘጋቱን ማስረጃ ያዝ። ኩባንያው ለነበረበት ዓመት ፎርም 5471 ቢዘጋም ይፈለጋል። ሥራ ያልጀመረ ከሆነ አጠር ያለ አሞላል ስለተፈቀደ፣ ይህን ለግብር ሠሪህ አስቀድመህ ንገረው።

መርካቶ 77፦ የቀበና ልጅ፣ ዓርብ አለፈ። ደንበኛው ማሻሻያውን ፈረመልህ?

ዳሞት፦ አፖስቲሉስ?