«ሴቶችን ማብቃት» ሲባል ማን ማንን ያበቃል?

ብራና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለልማት ፕሮጀክቶች የተዘጋጀ የግምገማ መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ርእሱ ላይ «ፌሚኒስት ግምገማ» የሚል አለበት። አንዲት ባልደረባዬ «የሴቶች ጉዳይ ግምገማ» በዪው ብትለኝም ልቤ አልተቀበለውም። ውስጡ ደግሞ «ሴቶችን ማብቃት» (እንግሊዝኛው «ኢምፓወርመንት» የሚለው) በየገጹ ይመላለሳል። ባነበብሁት ቁጥር ሣቄ ይመጣል፤ «አበቃ» ማለት ጨረሰም ነውና። እስኪ የምታውቁ አስረዱኝ።

ሰዋስው ወዳድ፦
እህቴ፣ ከሚያሥቀው ልጀምር፤ ቁም ነገሩ እዚያው ነው። «በቃ» ብንል ሰውየው ራሱ ብቁ ሆነ ማለታችን ነው። «አበቃ» ስንል ግን አንድ አድራጊ ከውጭ ይገባል። «ፕሮጀክቱ ሴቶችን አበቃ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ፕሮጀክቱ ነው፤ ሴቶቹ ተሳቢ ሆነው ይቀራሉ። በዘርፉ ብዙ የሚጠቀሱት የልማት ተመራማሪዋ ናይላ ካቢር በ1999 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነገሩን የተረጎሙት በሌላ መንገድ ነው፤ ቀድሞ ተነፍጎ የነበረ ሰው በሕይወቱ ወሳኝ ጉዳዮች ላይ የመምረጥ ችሎታው ሲሰፋ። እዚህ ባለቤቷ ሴትዮዋ ናት። ስለዚህ ለእኔ «መብቃት» ይቀርባል።

«አቅም ማጎልበት» የሚለውንም አልወደውም። ያው አድራጊ ግሥ ከመሆኑ በላይ አቅሟ ከመጀመሪያው ትንሽ እንደነበር ያስመስላል። ካቢር ያሉት ግን «ተነፈገች» ነው እንጂ «አልነበራትም» አይደለም። ከነፈገች ደግሞ ነፋጊ አለ፤ ቃሉን ስንለውጥ ነፋጊው ከዓረፍተ ነገሩ ሾልኮ ይወጣል።

ብራና፦
«ከተነፈገች» ለማለት ፈልገው ይመስለኛል፤ ግን ገብቶኛል። ታዲያ «ፌሚኒስት»ን ምን ልበለው? «እንስታዊ» የሚሉ አሉ።

ሰዋስው ወዳድ፦
አዎ፣ «ከተነፈገች»፤ አመሰግናለሁ። «እንስታዊ» የሚለው የሴትነት ባሕርይን እንጂ አመለካከትን አይጠቁመኝም። ፌሚኒስት ብለሽ ተዪው፤ አንባቢ ያውቀዋል። የግምገማውን ይዘት ግን በሙያው የሚውሉ ቢናገሩ ይሻላል።

የመስክ ሰው፦
በሙያው ስላለሁ ልግባ። «የሴቶች ጉዳይ ግምገማ» ስሕተት የሚሆነው ፌሚኒስት ግምገማ ስለ መንገድ ሥራም ስለ ውኃ ጉድጓድም ሊካሄድ ስለሚችል ነው። የሚለየው ጥያቄው ነው። ማን ወሰነ? «ተሳካ» የሚያሰኘውን መለኪያ ማን መረጠ? ውጤቱን ማን ይተረጉመዋል? የግምገማ ባለሙያዋ ዶና ፖደምስ በ2010 (የእኔም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጽሑፍ የሥርዓተ ጾታ («ጀንደር») አቀራረብ የሚባለው በወንዶችና በሴቶች መካከል ያለውን ልዩነት ለይቶ እንደሚያሳይ፣ ፌሚኒስቱ ግን ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ጠይቆ ለመለወጥም እንደሚነሣ ለይተው አስቀምጠዋል። በነገራችን ላይ «ሥርዓተ ጾታ» የአማርኛችን ጥሩ ሥራ ነው፤ ጉዳዩ ሰው የሠራው ሥርዓት መሆኑን በስሙ ይናገራል። ችግሩ ብዙ ሪፖርቶች «የሥርዓተ ጾታ ትንተና» ብለው ርእስ ይሰጡና ከሥሩ የወንድና የሴት ቁጥር ብቻ መደርደራቸው ነው። ያ የጾታ ቆጠራ ነው፤ ሥርዓቱ የት ሄደ?

መጠይቅ ላይ ዘወትር የሚያናድደኝን ሁለት ቃል ልጨምር። አንደኛው «የቤት እመቤት» ነው። እመቤት ማለት አዛዥ ናት፤ በመጠይቁ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ግን «ሥራ የላትም» ለማለት የሚሞላ ሳጥን ሆኗል። «ሥራ አለሽ?» ሲሏት «የለኝም» ብላ መልሳ፣ «በቃ ልሂድ፣ ሥራ በዝቶብኛል» ብላ የምትነሣው ያችው ሴት ናት። ሁለቱም እውነት ነው፤ የመጀመሪያው መልስ የጠያቂውን ቃል ተውሶ ነው። የኒው ዚላንዷ ምሁር ማሪሊን ዋሪንግ በ1988 የብሔራዊ ሒሳብ አሠራር፣ ማለትም የአገር ምርትና ገቢ የሚሰላበት መንገድ፣ ይህን ያልተከፈለበትን ሥራ ከቁጥር ውጭ እንዳደረገው አጥብቀው ተችተዋል። የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤም በ2013 ለራስ ፍጆታ የሚደረገውን ዕቃ ማምረትና አገልግሎት መስጠት «ሥራ» በሚለው ትርጉም ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ «ሥራ አለሽ?» ከማለት «ትናንት ከንጋት እስከ ማታ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ብሎ በየሰዓቱ መመዝገብ ይሻላል።

ሁለተኛው «እማወራ» ነው። ቃሉ የሚያምር ነው፤ ግን በመጠይቅ የሚውለው ባል በሌለበት ቤት ብቻ ነው። አባወራው ካለ ሚስቲቱ ስም የላትም። «የእማወራና የአባወራ ቤቶች ንጽጽር» ሲባል ባለትዳሮቹ ሴቶች በሙሉ ባሎቻቸው ውስጥ ተሸሽገው ይቆጠራሉ። በ2012 የወጣው በግብርና የሴቶች መብቃት መለኪያ በአንድ ቤት ውስጥ ወንዱንም ሴቷንም ለየብቻ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ ስለ ምርት፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ገቢ፣ ስለ አመራርና ስለ ጊዜ።

ጥያቄ አያልቅበት፦
ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ገምጋሚው ለመለወጥ ከተነሣ ወገንተኛ ሆነ ማለት አይደለም? ዳኛና ከሳሽ አንድ ሰው ከሆነ ምን ግምገማ ነው?

የመስክ ሰው፦
ወንድሜ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ወገን የሌለው መጠይቅ አሳዩኝ። አባወራውን ብቻ የሚጠይቀው መጠይቅ ወገን አልያዘም? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። እንደ ስድብ ብቻ ይሰማን ነበር፤ ለእኔ ግን የአሠራር መመሪያም ነው። ሴቷ ታውቃለች ይላል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ሌላ ነው። የሳይንስ ፈላስፋዋ ሳንድራ ሃርዲንግ የተከራከሩትም ከዚህ ጋር ይያያዛል፦ ጥናት ከተገፉት ሰዎች ሕይወት ቢጀምር ሌላው የማያየውን ያያል፤ አጥኚውም የራሱን መነሻ እንደሌላው ማስረጃ ሁሉ መመርመር አለበት። ይህን «ጠንካራ ተጨባጭነት» (ተጨባጭነት ያሉት እንግሊዝኛው «ኦብጀክቲቪቲ» የሚለውን ነው) ብለውታል፤ ተጨባጭነትን መተው ሳይሆን ማጥበቅ ነው። ሌላዋ ፌሚኒስት ምሁር ዳና ሃራዌይም በ1988 ከየትም ሳይቆሙ ሁሉን አያለሁ ማለትን ተችተዋል። ወገንተኝነት የሚሆነው መልሱን አስቀድሞ መወሰን ነው፤ ያን ያደረገ ፌሚኒስት ገምጋሚ ቢኖር እኔም አብሬዎት እተቸዋለሁ።

ሰዋስው ወዳድ፦
የሃርዲንግን ሐሳብ፣ በእንግሊዝኛ «ስታንድፖይንት» የሚባለውን፣ «አቋም» ብለው የሚተረጉሙ አይቻለሁ። አቋም ግን የያዙት አስተያየት ነው። «የቆሙበት ቦታ» ቢባል ነገሩን ይይዘዋል።

ብራና፦
ጥሩ፣ ገልብጬዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጥናቱ ውስጥ የምትጠየቀዋን ሴት «ተጠያቂ» ብያት ነበር።

የመስክ ሰው፦
ኧረ አይሆንም! «ተጠያቂ» ሲባል ጥፋተኛ ትመስላለች። በተለይ ስለ ጥቃት የሚጠየቅበት ጥናት ከሆነ ቃሉ ራሱ ያስበረግጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ባወጣው የቤት ውስጥ ጥቃት ጥናት መመሪያ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ እንድትጠየቅ፣ ጥናቱም ለቤተሰቡና ለአካባቢው «የጥቃት ጥናት» ተብሎ እንዳይነገር መክሯል፤ ባልየው ስሙን ቢሰማ የሚደርሰው በእርሷ ላይ ነውና። «መላሽ» በያት። «ተሳታፊ» የሚለውን አቆዪው፤ የምትተረጉሚው መመሪያ ጥያቄዎቹን ስታወጣና ውጤቱን ስትተረጉም ቦታ ሰጥቷት እንደሆነ ካየሽ በኋላ ብቻ ጻፊው።

ብራና፦
አየሁት። ቦታ አልሰጣትም። «መላሽ» ብያታለሁ፤ ለአዘጋጆቹም ማስታወሻ ጽፌያለሁ።