ምርኮኛ ለማድረስ ምሽጉን የለቀቀ ወታደር አጥፍቷል?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ የቤተሰብ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን ልንግባባበት አልቻልንም። አጎቴ በባድመው ጦርነት ወታደር ነበር፤ 1991 ላይ ጾረና ግንባር። ስለዚያ ጊዜ አያወራም። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ታናሽ ወንድሜ "ውትድርና ልመዘገብ ነው" ብሎ ፉከራ ቢጤ ሲጀምር፣ አጎቴ ቶናውን ሳይጨርስ ስኒውን አስቀመጠና ተናገረ።

ከውጊያ በኋላ አንድ ምርኮኛ እጃቸው ገባ። ልጅ እግር ነው። እንዳያመልጥ ጫማውን አስወልቀውታል። አጎቴ የጋንታ መሪውን "የት እናድርሰው?" ሲለው፣ ሰውዬው "ወደ ኋላ የሚወስደው ሰው የለኝም" አለና ፊቱን አዞረ። በቃ፣ ይቺው ናት። ግደሉት አላለም። ግን ሁሉም ገብቶታል፣ አንዱማ ክላሹን አቀባብሏል። አጎቴ ማንንም ሳያስፈቅድ ለልጁ ጫማውን ወረወረለትና ይዞት ወረደ። ሻለቃ መምሪያ አስረክቦ ሲመለስ ምሽጉ በመድፍ ተመትቷል። ከጎኑ የሚተኛው ጓደኛው፣ የደባርቅ ልጅ፣ ሞቷል። "እኔ ብኖር ኖሮ" ይላል፣ አይጨርሰውም።

ወንድሜ ፊት ለፊት "ጓደኛህን ለጠላት ሸጥከው" አለው። ቤቱ ጸጥ አለ። እስኪ እናንተ ፍረዱ። "ጀግና ናቸው" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔም እዚያው አካባቢ ነበርኩ። ምሽግ እንዲህ በቀላሉ አይለቀቅም። አንተ ዓይንህን የምትከድነው ያኛው ነቅቷል ብለህ ነው። አጎትህ ለጓደኛቸው ሳይነግሩ ሄደው ከሆነ አጥፍተዋል፣ አልሸፋፍንልህም። ነግረው ከሆነ ሌላ ነው፤ እሱን ጠይቃቸው። መድፉን ግን ተወው። ቢኖሩ ኖሮ በአንዱ ፈንታ ሁለት ሰው ነበር የሚቀበረው። ለወንድምህም ንገረው፣ "ሸጥከው" የሚባለው ለዚህ አይደለም።

እንደዚያ የጋንታ መሪ ያሉ አለቆች አይቻለሁ። አፉ አያዝም፣ ዓይኑ ነው የሚያዘው። በኋላ ሲጠየቅ "እኔ መቼ ወጣኝ?" ይላል፣ ጥይቱን የተኮሰው የገበሬ ልጅ ግን ይዞት ያረጃል።

ማራኪ ሰፈር፦
(ስሙ የሰፈሬ ነው፣ ማንንም ማርኬ አላውቅም።) ሕግ ስለማስተምር ትንሽ ልጨምር። "የሚወስደው ሰው የለኝም" ለሚለው ሕጉ መልስ አለው። የጄኔቫ ስምምነቶች የመጀመሪያው ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 41፣ ከውጊያው ሁኔታ የተነሳ ምርኮኛን ወደ ኋላ መላክ ካልተቻለ ይለቀቃል ይላል፤ ለደኅንነቱም የሚቻለው ጥንቃቄ ይደረግለታል። ኢትዮጵያ ይሄን በ1986 ተቀብላለች፣ ማለትም ከጦርነቱ በፊት። የኛው የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 74 ላይ፣ ሰው መግደልን የመሰለ ወንጀል መሆኑን እያወቀ ትእዛዝ የፈጸመ ይጠየቃል ይላል። ለአጎትህ መልቀቅም መንገድ ነበር። ግን ግንባር ላይ ባዶ እግሩን ለቆ መስደድ ምን ያህል ማዳን እንደሆነ እንጃ።

ስለ ጫማው ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ሄግ የተቀመጠው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን በ1995 ስለ ምርኮኞች ሲፈርድ፣ ሁለቱንም አገሮች ጥፋተኛ ካለባቸው ነገሮች አንዱ ምርኮኞችን ጫማ አስወልቆ ረጅም መንገድ ማስኬድ ነው። ሁለቱንም ነው ያልኩት።

ቋረኛ፦
ሕጉን ሄግ ለተቀመጡት ንገሯቸው። ጦርነት ሰርግ አይደለም። ዛሬ የሸኘኸው ነገ ይተኩስብሃል። መይሳው ካሳ አንቀጽ ስንት እያለ ነው እንዴ የተዋጋው?

ማራኪ ሰፈር፦
ቴዎድሮስን ካነሳህ ሙሉውን አንሳ። 1860 መቅደላ ላይ፣ አሮጌ በተባለው ቦታ ከተደረገው ውጊያ በፊት በነበረው ቀን፣ እስረኞችን ገደል አስወርውረዋል። ጎንደሬ ነኝ፣ እወዳቸዋለሁ፣ በዚህ ግን አልፎክርም። ምኒልክ ደግሞ ጥር 1888 መቀሌ እንዳኢየሱስ ላይ ውኃ የቆረጡበትን ጣሊያን ከነመሣሪያው ለቀቁት። አድዋ ላይ ማን አሸነፈ?

ቋረኛ፦
ያ የተለቀቀው የጣሊያኖቹ አዛዥ ሻለቃ ጋሊያኖ እኮ አድዋ ላይ ተመልሶ ተሰልፎብናል! ይሄንንስ ለተማሪዎችህ ትነግራቸዋለህ?

ማራኪ ሰፈር፦
እነግራቸዋለሁ። እዚያው አድዋ እንደሞተም። ግን ነጥብህ ልክ ነው፣ መልቀቅ ዋጋ ያስከፍላል። አልከራከርም።

ጡረተኛው፦
ቋረኛ፣ ምሽግ ውስጥ አድረህ ታውቃለህ? ለነገር አይደለም የምጠይቅህ። ያደረ ሰው እንዲህ አፉን ሞልቶ ሲያወራ ብዙ ስላላየሁ ነው።

የአዘዞ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ጡረተኛው፣ ያሉኝን ትናንት ጠየቅኩት። ለጓደኛው ነግሮታል። ጓደኛውም "ቶሎ ና" ብሎ ኮዳውን አቀብሎታል፣ "መንገድ ላይ አጠጣው" ብሎ። ሁለቱ ተማክረው ነው ማለት ነው። አጎቴ ይሄን እሑድ ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው "ወንድምህ እኔን ይስደበኝ እንጂ እሱን እንዲያነሳብኝ አልፈለግኩም" አለኝ።

ኮዳው እኛ ቤት ነው። ልጆች ሆነን ጠዳ ከብት ስንጠብቅ ውኃ የምንይዝበት፣ ጨርቁ የተቀደደው። ወንድሜ ከግድግዳው አወረደው፣ አገላብጦ አየውና መልሶ ሰቀለው። ምዝገባው የፊታችን ሰኞ ነው፤ ይሂድ አይሂድ አልነገረንም።