የሰፈራችን አሳ ቤት ለሌላ ሰው ከተላለፈ ወዲህ፦ ጎንደር ውስጥ አሳ የት ይበላ?

የሰፈራችን አሳ ቤት ከፋሲካ በኋላ ለሌላ ሰው መተላለፉን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ታፔላው አልተነሳም፣ ስሙም ያው ነው። ስለዚህ ያልሰማ ሰው እንደ ድሮው ገብቶ "ሙሉ ጥብስ" ብሎ ያዝዝና ግራ ተጋብቶ ይወጣል። "እንግዲህ የት እንብላ?" ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ሰሞኑን የቀመስኳቸውን እያነጻጸርኩ ልንገራችሁ። የቤቱን ስም አልጠራም። አዲሶቹ ባለቤቶች ገና ጀማሪዎች ናቸው፣ እዚያ የሚሠሩት ልጆችም እንጀራቸው ነው።

መጀመሪያ ምን እንደቀረብን ልናገር፣ ምክንያቱም ሌላ ቤት ስትመርጡ የምትለኩት በዚያ ነው። የቀድሞዋ ባለቤት እትዬ አሳ የሚያስመጡት ጣና ዳር ካለችው ጎርጎራ ነበር። ሌሊት መረብ የገባ ቆሮሶ (ባለ ቅርፊቱ አሳ) ጠዋት ከጣና ይወጣል፣ በረዶ ይደረግበታል፣ በአዘዞ በኩል ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከምሳ በፊት ይደርሳል። እሳቸው በር ላይ ቆመው አንድ በአንድ ያዩታል። የጉንጩን ክዳን ገልጠው ውስጡ ደማቅ ቀይ ካልሆነ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሥጋውን በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ ይመልሱታል። ነጋዴው ቢለምናቸውም አይሰሙም። ጥሩ አሳ ባልመጣ ቀን ደግሞ "ዛሬ የለም ልጄ፣ ሽሮ ልሥራልህ" ይሉናል። ያቺ "የለም" ናት ቤቱን ያስከበረችው።

ከዚያ የወጥ ቤቷ እጅ አለ። ቅርፊቱን አጥርታ ፍቃ፣ ቆሮሶውን በሁለቱም ጎን ከአንገቱ እስከ ጭራው ቀጫጭን አድርጋ ትተለትለዋለች። ቢላዋ አጥንቱን ይነካል እንጂ አይቆርጠውም። ጨውና ሎሚ አስነክታ በደንብ የጋለ ዘይት ውስጥ ስትለቀው ትልትሉ እንደ አበባ ይፈነዳል፤ ዳር ዳሩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ግን ነጭና እርጥብ ሆኖ ይቀራል። በእንጀራ ጫፍ ይዘህ ሳብ ስታደርገው ከአጥንቱ እየተላቀቀ ይመጣል። ከጎኑ ዳጣ፣ የተቆረጠ ሎሚ፣ ያበቃል። ጭንቅላቱ ለማታው ሾርባ ይቀመጣል።

አሁን የሚቀርበው ፊሌቶ ነው። ፊሌቶ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፣ አጥንት ለሚፈሩ ልጆች እንዲያውም ይመረጣል። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። አሳው በብዛት ተገዝቶ ተራ ፍሪዘር ውስጥ ይከማቻል። እንዲህ ያለ ፍሪዘር ብዙ ሥጋ ሲከቱበት ቀስ ብሎ ነው የሚያቀዘቅዘው፤ ቀስ ብሎ የሚረጋ በረዶ ደግሞ ትልልቅ ስለሚሆን ሥጋውን ከውስጥ ይበጣጥሰዋል። ሲቀልጥ ውሃውን ይለቃል፣ መጥበሻ ላይ ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል፣ አፍ ውስጥ እንደ ልብ አይታኘክም። ዘይቱም ቶሎ የሚቀየር አይመስለኝም፣ ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ምን ዓይነት አሳ እንደሆነ ስጠይቅ አስተናጋጁ "አሳ ነው" አለኝ። ቆሮሶ ነው አምባዛ? አያውቅም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው አትብሉ ስለሚል በእኛ አገር አምባዛ የማይነካ ምእመን ብዙ ነው። ቆዳው ተገፎ ፊሌቶ ከሆነ በኋላ በዓይን መለየት ለማያውቅ ሰው ከባድ ነው። አምባዛን የሚወድ ይብላው፣ ጉላሽ ሲሠራ እንዲያውም ሥጋው ስለማይፈራርስ ደህና ይሆናል። ግን ሰው የሚበላውን አውቆ መብላት አለበት። እትዬ ቤት አምባዛ ሲኖር ገና ሳንቀመጥ ይነገረን ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የእጅ መታጠቢያው አሁን ንጹሕ ነው፣ ወንበሮቹም ተቀይረዋል። በርገርና ፒዛም ጀምረዋል። ለእሱ የሚሄድ ይሂድ።

እንግዲህ ወደ ጥቆማው። የእኔ አንደኛ ምርጫ በማራኪ በኩል፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም የማትርቅ አንዲት ጠባብ ቤት ናት። ምክንያቱም የእትዬ ወጥ ቤት አሁን የምትሠራው እዚያ ነው! ያው ቢላ፣ ያው ትልትል፣ ዳጣውም ያው። አሳ በየቀኑ አይኖራቸውም፤ ረቡዕና አርብ ግን ብዙ ጊዜ አይታጣም። ተማሪ ስለሚበዛ ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ መቀመጫ አታገኙም፣ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ሾርባው ገና የድሮውን አላከለም፣ ድስቱም ትንሽ ነው። ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ አትመችም፤ ለሁለት ለሦስት ሰው ግን ከእሷ የሚሻል አላገኘሁም።

አዘዞ መንገድ ዳር ያሉት ቤቶች ሁለተኛ ናቸው። ከጎርጎራ የሚመጣው አሳ መጀመሪያ የሚያልፈው በእነሱ ደጅ ስለሆነ ትኩስነቱ አያጠራጥርም፣ ዋጋውም ከከተማው ይቀንሳል። ጉላሻቸው ይጣፍጣል፣ ሽንኩርቱን በደንብ ያበስሉታል። ጥብሱን ግን በጠዋት ካልሆነ አልመክርም፤ ከሰዓት በኋላ ዘይቱ ጠቁሮ ነው የምታገኙት። ወደ አየር ማረፊያ ሰው ልትሸኙ ወይም ልትቀበሉ ስትሄዱ ግቡ።

ፒያሳ ያሉት ሆቴሎች ለእንግዳ ነው። ኮተሌትና ለብለብ በወግ ያቀርባሉ፣ ዋጋው ዘለል ያለ ነው፣ ጣዕሙ ግን ከቀን ወደ ቀን አይለዋወጥም። የአሳውን ዓይነት ስትጠይቁ ወጥ ቤት ገብተው ጠይቀው የሚነግሯችሁ ቤቶች አሉ፤ እነሱን ያዙ።

ጊዜ ያለው ደግሞ ጎርጎራ ይውረድ። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ ከሹፌሮች ጠይቁ፣ ሰላም ከሆነ በጠዋት ተነሱ። ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልማችሁ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ትንንሽ ቤቶች በአንዱ ተቀመጡ። በገበታ ለሀገር የተሠራው ትልቁ ማረፊያም እዚያው አካባቢ ነው፤ እኔ ግን አሳ ለመብላት ጀልባው የሚቆምበትን ሠፈር እመርጣለሁ። አሳውን ራሳችሁ መርጣችሁ ታስጠብሳላችሁ።

ቤት ውስጥ ለምትሠሩ፦ ፊሌቶ ሳይሆን ሙሉውን ግዙ፣ ቅርፊቱ ያለበትን። የእትዬን ፈተና እናንተም ፈትኑት፣ ጉንጩን ግለጡ፣ ዓይኑን እዩ፣ በጣት ተጫኑት። ሻጩ አይሆንም ካለ ትታችሁ ሂዱ። ሆድ ዕቃውን እዚያው ካስወጣችሁና በረዶ ላይ ካስቀመጣችሁት ቆሮሶ ቀናት ይቆያል፤ ያለ በረዶ ግን በዚያው ቀን ነው ማለቅ ያለበት። ከመጥበሳችሁ በፊት ውሃውን በጨርቅ አድርቁ፣ ዘይቱ ሳይግል አትክተቱ።

"አሳ የለም" የሚል ቤት አያስቀይማችሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ የታየው እምቦጭ በደንቢያ በኩል ጀልባና መረብ ያግዳል፣ አጥማጁ ባዶ እጁን የሚመለስበት ቀን አለ። በዐቢይ ጾም ደግሞ ፈላጊው ስለሚበዛ ያለውም ይወደዳል። (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት፣ እዚህ አንከራከርበት።) እንዲያውም በሁዳዴ ሳምንታት ሁሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ አሳ የማያልቅበት ቤት ካገኛችሁ ከየት እንደሚያመጣ ጠይቁት።

ወደ ጨጨላ በኩል አዲስ አሳ ቤት ተከፈተ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እስካሁን አልሄድኩም። የቀመሰ ካለ ስለ ጣዕሙ ብቻ ሳይሆን አሳው ከየት እንደሚመጣ፣ ቆሮሶ ይሁን አምባዛ፣ ዘይቱ ምን እንደሚመስል ጭምር ይጻፍልን። የማራኪዋን ቤት አቅጣጫ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ።