«መሸሽ ውሸት አይደለም» ያልሽው እህቴ፣ እስቲ ነዪ

ባለታክሲው፦ ከማክሰኞው (ሴፕቴምበር 10፣ 2024) የትራምፕና የካማላ ሃሪስ የፊላደልፊያ ክርክር ወዲህ እዚህ የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሾች የሚጻጻፉትን ሳነብ ደሜ ፈላ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሕዝቡ ከአራት ዓመት በፊት ከነበረበት ይሻለዋል ወይ ነበር። አዎ ወይ አይ! ካማላ ግን ያደግኩት መካከለኛ ገቢ ያለው ቤት ነው ብላ ጀምራ ለአዲስ ንግድ ስለምትሰጠው የ50 ሺህ ዶላር የግብር ቅናሽ ሄደች። እናንተ «አንበሳ!» ትላላችሁ። እኔ የኑሮ ውድነት እንጂ የሕይወት ታሪክ መቼ ጠየቅኩ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ወንድሜ፣ መሸሽ ውሸት አይደለም። ውሸት ማለት እንደ ትራምፕ ዓይንን በጨው አጥቦ «ኦሃዮ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የሄይቲ ስደተኞች ውሻና ድመት እየበሉ ነው» ማለት ነው። ክርክሩን የመራው ጋዜጠኛ ዴቪድ ሙይር የከተማውን ሥራ አስኪያጅ ጠይቀን ተጨባጭ ሪፖርት የለም ብለውናል ሲለው እንኳ «ሰዎች በቴሌቪዥን ሲናገሩ አይቻለሁ» አለ እኮ!

ባለታክሲው፦ «መሸሽ ውሸት አይደለም»! ይቺን በፍሬም ስቀሉልኝ። ባልሽን ማታ የት ነበርክ ብትይው፣ «እኔ የድሃ ልጅ ነኝ» ቢልሽ፣ አልዋሸም ብለሽ እራት ታቀርቢለታለሽ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ባሌን ተወው፣ እሱ ለፕሬዝዳንትነት አልተወዳደረም።

ደጀን፦ መሸሽ ከተቆጠረ የሁለቱም ይቆጠር። ትራምፕ ዩክሬን እንድታሸንፍ ትፈልጋለህ ወይ ተብሎ ሁለቴ ተጠየቀ፤ «ጦርነቱ እንዲቆም» ብሎ አለፈ። የጤና መድኅኑንስ? ለሦስተኛ ጊዜ እየተወዳደረ ገና «የዕቅድ ሐሳብ» ነው ያለው። የዕቅድ ሐሳብ!

የአሌክሳንድሪያው፦ ጋዜጠኞቹ እሱን ብቻ ሲያርሙ አላያችሁም? እሷ በጦር ቀጠና ያለ አንድም ወታደር የለንም ስትል ማን ዝም አሰኛት? ኢራቅና ሶርያ ያሉት ቱሪስቶች ናቸው? በ2019 ፍራኪንግን (ድንጋይ ሰንጥቆ ጋዝና ዘይት ማውጣትን) አግዳለሁ ያለችው፣ ዛሬ ጋዝ አምራቿ የፔንሲልቬንያ ድምፅ ሲፈለግ አላግድም አለች።

ፔትዎርዝ፦ ትራምፕን ሐቀኛ የምትሉ አበሾች ግን ትገርሙኛላችሁ። በ2020 ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ያለው ማን ነበር? ረሳችሁት?

ባለታክሲው፦ እሱ ቢያንስ ፊት ለፊት ተናገረው። በ2022 መባቻ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ያስወጣ ማን ነው? የእሷ አለቃ ባይደን። ከዚያ በፊትም በ2021 ቨርጂንያ ውስጥ ለሪፐብሊካኑ የገዥነት እጩ ለያንግኪን ድምፅ ልንሰጥ የወጣነው ወደን ነበር እንዴ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ስለ ክርክሩ ጀምረህ አጎዋ ገባህ። ወሬውን ተከትሎ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ተማሪዎች በቦምብ ማስፈራሪያ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሰምተሃል? የሄይቲን ልጅ ከሐበሻ ልጅ በመልክ ለይቶ የሚያስፈራራ አለ ብለህ ነው? ማታ ተሳፋሪ ስታወርድ «አንተም ከነሱ ነህ?» ቢልህ አጎዋን ታስረዳዋለህ?

ባለታክሲው፦ እኔ ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬአለሁ፣ ማንም እንደዚያ አላለኝም።

ፔትዎርዝ፦ ጭራሽ? ቲፕህንም ጨምረው ነው የሚሰጡህ በለን እንጂ!

የአሌክሳንድሪያው፦ በቲፕማ ከግብር ነፃ አደርጋለሁ ብሎ የጀመረው ትራምፕ ነው። ካማላ ቀዳችው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ባለፈው ምስር ወጥ ላይ ቲፕ አልተውክም ተብለህ የተወቀስከው አንተ አይደለህ?

የአሌክሳንድሪያው፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አስተናጋጇ አርባ ደቂቃ አቆይታኛለች።

ደጀን፦ የቨርጂንያ ሰዎች፣ የ2024ቱ ምርጫ ቀድሞ ድምፅ መስጠት ሴፕቴምበር 20 ይጀምራል። ቤት የቀየራችሁ አድራሻችሁን አስተካክሉ።

ባለታክሲው፦ ምዝገባውን ማን ጠየቀህ? መልሱልኝ ያልኩት ጥያቄ ሌላ ነው።