ብሩማዲኒዮ፦ ቤተ ክርስቲያን ሙታንን ከቀበረች በኋላ ዝም ማለት ነበረባት?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ከብራዚል ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 (በእኛ ጥር 17 ቀን 2011) ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሚናስ ጄራይስ ግዛት ብሩማዲኒዮ አቅራቢያ፣ ቫሌ የተባለው ኩባንያ የብረት ማዕድን ዝቃጭ (ብረቱ ከተለየ በኋላ የሚቀረውን ውሃማ ጭቃ) ያጠራቀመበት ግድብ ተደረመሰ። ወደ 12 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚጠጋ ጭቃ የሠራተኞቹን ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት ዋጠው። የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ አልጮኸም። 270 ሰዎች ሞቱ፤ ቤተሰቦቻቸው ግን ሁለቱ ሟቾች ነፍሰ ጡር ስለነበሩ 272 ነው የሚሉት። በግዛቱ ዋና ከተማ ያለው የቤሎ ሆሪዞንቴ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት እርዳታ በማሰባሰብና ሐዘንተኛ በማጽናናት ጀመረ። ኋላ ግን ረዳት ጳጳሱ ቪሴንቴ ፌሬይራ ኩባንያውን በአደባባይ መውቀስ ያዙ፤ ከ2020 ጀምሮም ዕለቱ በመጣ ቁጥር ምእመናን ወደ ብሩማዲኒዮ መንፈሳዊ ጉዞ ያደርጋሉ። ጥያቄው፦ ቤተ ክርስቲያን ከቀብርና ከማጽናናት አልፋ የክርክሩ አንድ ወገን መሆን ነበረባት? ስድብ ያያችሁ ንገሩኝ፣ እሰርዛለሁ።

የማዕድን መሐንዲስ፦ አልነበረባትም። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ያ ግድብ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የተሠራበት መንገድ ርካሽ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ግድብ ይሠራል፣ ዝቃጩ ሲሞላ ቀጣዩ ደረጃ በዚያው በዝቃጩ ላይ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይደረባል። እንዲህ እንዲህ እያለ 86 ሜትር ደረሰ። መሠረቱ አለት ሳይሆን ውሃ ያዘለ ደቃቅ አፈር ነው ማለት ነው። ውሃው በአግባቡ ካልወጣለት ጠጣር መስሎ የቆመው ነገር በድንገት ፈሳሽ ይሆናል፤ የሆነውም ይኸው ነው። ይህን የሚያውቀው መሐንዲስ ነው፣ የሚከለክለው ደግሞ ሕግ። አደጋው በደረሰ በወሩ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2019፣ ግዛቱ እንዲህ ዓይነት ግድብ የሚከለክልና የነበሩትም እንዲፈርሱ የሚያዝ ሕግ አጸደቀ። ሕዝብ ያዳነ ነገር ካለ እሱ ነው። ጳጳሱ የተናገሩት ግድቡ ከፈረሰ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን።

የቁምስና ልጅ፦ ወንድሜ መሐንዲስ፣ የግድቡን ነገር ስላስረዱን እግዚአብሔር ይስጥልን። ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው የጮኹት ያሉትን ግን አልቀበልም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ «ውዳሴ ላንተ ይሁን» በተሰኘው መልእክታቸው ማዕድን ስለሚያስከትለው ብክለት በስሙ ጠርተው የጻፉት በ2015 አጋማሽ ነው። ያኔ የሁለቱም ግድቦች፣ የብሩማዲኒዮውም ቀጥዬ የማነሣው የማሪያናውም፣ ጭቃ በቦታው ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 5 ቀን እዚያው ግዛት ማሪያና ውስጥ ፉንዳዎ የተባለው ግድብ ፈረሰ፤ 19 ሰው ሞተ፣ ቤንቶ ሮድሪጌስ የምትባል መንደር ጠፋች፣ ጭቃው በዶሴ ወንዝ ተጉዞ አትላንቲክ ውቅያኖስ ገባ። የማሪያናው ኩባንያ የሁለት ባለቤቶች ነው፤ አንዱ ይኸው ቫሌ ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ማን ተኛ? በዲሴምበር 2018፣ ብሩማዲኒዮ ከመፍረሱ ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ ምክር ቤት ለዚያው ማዕድን የማስፋፊያ ፈቃድ ሰጠ። እዚያ የተቀመጡት ካህናት አልነበሩም።

ደግሞ «ከቀብር በኋላ» የሚለው የአወያያችን አነጋገር ራሱ አያስኬድም። ቀብሩ መቼ አለቀ? ጭቃው ሙሉ አስከሬን ሁሌ አልመለሰም። እሳት አደጋ ሠራተኞቹ ለዓመታት ሲፈልጉ ያገኙት በአብዛኛው የአካል ክፍል ነበር፤ የማን እንደሆነ በምርመራ እስኪለይ ደግሞ ወራት ይወስዳል። አንድ ቤተሰብ ቀብሮ፣ ሠልስት አውጥቶ፣ ሙት ዓመት አስቦ፣ ከዚያ ስልክ ይደወልለታል፤ የልጅህ ተጨማሪ ክፍል ተገኝቷል፣ መቃብሩ ይከፈት ወይስ ይቅር? እዚህ ላይ ቆሞ ጸሎት የሚያደርስ ካህን፣ ያቺ እናት «ልጄን የገደለው ማን ነው?» ብላ ስትጠይቀው ምን ይበላት? የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይበል? እኔ እንኳን ካህን፣ ሰይጣንም ይህን ለማለት የሚያፍር ይመስለኛል። ቤተሰቦቹ በየወሩ በ25ኛው ቀን ከከተማው መግቢያ ላይ እየተሰበሰቡ የሙታኑን ስም ይጠራሉ። ከጎናቸው የቆመች ቤተ ክርስቲያን ወገን ያዘች ከተባለ፣ አዎ ይዛለች።

ዝምተኛው አንባቢ፦ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፤ ዛሬ ግን አንድ ነገር ልበል። ብሩማዲኒዮ የምትኖረው በማዕድኑ ነው። ከሞቱት አብዛኞቹ የኩባንያውና የኮንትራክተሮቹ ሠራተኞች ናቸው፤ የተረፉትም ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት በዚያው ደመወዝ ነው። እሑድ ቅዳሴ ላይ መበለቲቱ በአንድ ወንበር፣ የባሏ የሥራ ባልደረባ ከኋላዋ ይቀመጣሉ። ካህኑ ከመንበሩ ሆኖ ኩባንያውን ሲያወግዝ ያ ሠራተኛ ምን ይሰማዋል? እህታችን የእናቲቱን ጥያቄ አነሣሽልን። የእሱንስ?

የቁምስና ልጅ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ያ ሠራተኛ ከማንም በላይ የተበደለ ነው፤ ምሳ ሲበላ የነበረው እሱ ነው። ምግብ ቤቱንና ቢሮውን ከግድቡ ሥር የሠራው እሱ አይደለም።

ዝምተኛው አንባቢ፦ መበደሉን አልካድኩም። ለሥራው ፈርቶ ከቅዳሴ ቢቀርስ ነው ያልኩት።

ሒሳብ አዋቂ፦ እናንተ ስለ ስብከት ትከራከራላችሁ፤ እኔ ስለ አክሲዮን ልጠይቅ። በዓለም ዙሪያ የቤተ ክርስቲያን የጡረታ ፈንዶችና ገዳማት ገንዘባቸውን የሚያኖሩት በአክሲዮን ነው። «አብያተ ክርስቲያናትና ማዕድን» የተባለው የላቲን አሜሪካ ኅብረት ካቶሊካዊ ተቋማት ገንዘባቸውን ከማዕድን ኩባንያዎች እንዲያወጡ ይቀሰቅሳል። በጎ ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን አክሲዮኑን የምትሸጠው ለማን ነው? ስለ ግድብ ደንታ ለሌለው ሌላ ባለሀብት ነው። ከብሩማዲኒዮ በኋላ ትልቅ ለውጥ ካመጡት አንዱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጡረታ ቦርድ ነው፤ ካቶሊክ አይደለም፣ ይህን አውቃለሁ። ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር ሆኖ ከ700 ለሚበልጡ ኩባንያዎች ደብዳቤ ጻፈ፦ የዝቃጭ ግድቦቻችሁ የት ናቸው፣ እንዴት ተሠሩ፣ ምን ያህል ይይዛሉ? በ2020 ኦገስት ዓለም አቀፍ የዝቃጭ ግድብ መመዘኛ ሲወጣ ከጀርባው ይህ ግፊት ነበረበት። መንፈሳዊ ጉዞ እንዲህ ዓይነት መዝገብ አያስከፍትም።

የማዕድን መሐንዲስ፦ ይኸው! ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ግድብ በዝርዝር ሲታወቅ ቀጣዩን ማዳን ይቻላል።

ጠበቃው፦ ሒሳብ አዋቂ ጥሩ ብለዋል፤ ነገር ግን መመዘኛ በራሱ አያድንም። የብሩማዲኒዮው ግድብም ወረቀት ነበረው። የጀርመኑ የቴክኒክ ምርመራ ኩባንያ የቱፍ ዙድ የብራዚል ቅርንጫፍ ግድቡ አስተማማኝ ነው ብሎ የፈረመው በ2018 ሴፕቴምበር ነው፤ በአራት ወሩ ፈረሰ። መሐንዲሱ ጓደኛችን ይህን የሚያውቀው መሐንዲስ ነው ብለዋል። የፈረመውም መሐንዲስ ነው። በኦክቶበር 2019 የሟቾች ቤተሰቦች የሆኑ አምስት ብራዚላውያን ጉዳዩን ሙኒክ ለሚገኘው ዐቃቤ ሕግ ሲያቀርቡ ከጎናቸው የቆመው ሚሴሬዮር ነው፤ የጀርመን ካቶሊክ ጳጳሳት የልማትና የተራድኦ ድርጅት። ከሚናስ ጄራይስ ገጠር ተነሥቶ ጀርመን አገር አቤቱታ ማቅረብ ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ካላት ጥቅም አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ ኩባንያው በሚገኝበት አገር ሁሉ እሷም አለች።

የማዕድን መሐንዲስ፦ በፊርማው ነገር ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። ግን ገንዘቡን እናንሣ። ማሪያና ውስጥ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተራድኦ ድርጅት የሆነው ካሪታስ ለተጎጂዎች የቴክኒክ አማካሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ጉዳት መዝግቧል፣ የካሳ ስሌት አስረድቷል። ደመወዙን የከፈለው ማን ነው? ኩባንያዎቹ። ውሻ በበላበት ይጮኻል። እናንተ ወገን ይዛለች ትላላችሁ፤ ከየትኛው ወገን እንደምትበላ ግን አትናገሩም።

ጠበቃው፦ ኩባንያዎቹ የከፈሉት ወደው አይደለም፤ ዐቃቤ ሕጉ በፍርድ ሂደት ያስገደዳቸው ነው። የጎረቤቱን ቤት ያፈረሰ ሰው የገማቹን ዋጋ ይክፈል ቢባል ገማቹ የአፍራሹ ሎሌ አይሆንም። ካሪታስን የመረጡት ደግሞ ራሳቸው ተጎጂዎቹ ናቸው። አማራጩ የጉዳቱን መጠን ራሱ ኩባንያው እንዲተምን መተው ነበር። ቤቱ፣ ዶሮው፣ የጓሮው የፍሬ ዛፍ፣ ከአያት የወረደው ወንበር ሳይቀር መቆጠር አለበት፤ ጥፋተኛው ሲቆጥር ወንበሩን ይረሳዋል።

የማዕድን መሐንዲስ፦ ተጎጂዎች መርጠውታል ካልክ ካሪታስን ተቀብያለሁ። ጳጳሱን ግን ማንም አልመረጠም። ሕዝብ ወክሎ የሚናገር ሰው ውክልና ያስፈልገዋል።

የቁምስና ልጅ፦ የተመረጡት ምን እንዳደረጉ ልንገርዎት። በፌብሩዋሪ 2021 የግዛቱ መንግሥትና የፍትሕ ተቋማት ከቫሌ ጋር 37.68 ቢሊዮን የብራዚል ሬያል የሚያወጣ ስምምነት ፈረሙ። የሟች ቤተሰቦች ከድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበሩም፤ ይህንንም በምሬት ተቃውመዋል። ከገንዘቡ የተወሰነው ቤሎ ሆሪዞንቴን ለሚዞር የቀለበት መንገድ ተመደበ። አንብበው ይንገሩኝ፤ የብሩማዲኒዮ ሟች ለቤሎ ሆሪዞንቴ መኪና መንገድ ዋስ የሆነው በማን ውክልና ነው?

የማዕድን መሐንዲስ፦ መንገዱ ያስቆጣል፤ እኔንም አስቆጥቶኛል። የተመረጠ ሰው ማጥፋቱ ግን ላልተመረጠ ሰው ሥልጣን አይሰጥም።

የቁምስና ልጅ፦ ጳጳሱ ሥልጣን አልጠየቁም። ቤተሰቦቹ ድርድሩ ከሚደረግበት ክፍል ውጭ ስለነበሩ እሳቸውም ከውጭ ሆነው ተናገሩ።

አወያይ፦ የአክሲዮኑን ጉዳይ ለብቻው ስለምከፍተው ሒሳብ አዋቂ ያንን ሐሳብ እዚያ ይቀጥሉ። ዝምተኛው አንባቢ ስለ ሠራተኛው ያነሡት ጥያቄ ግን አጥጋቢ መልስ አላገኘም፤ በእሱ ላይ የሚናገር ካለ መድረኩ ክፍት ነው።