የወረዳውን በጀት መጠየቅ አይቻልም እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለሰፈራችን መንገድ ስንት ብር እንደተመደበ ልጠይቅ ወረዳ ብሄድ "አንተን ምን አገባህ" አሉኝ። እውነት አያገባኝም?

መልስ 1፦ በደንብ ነው የሚያገባህ! አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጥሃል፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 29 ላይ አስቀምጦታል። መስኮት ላይ ቆመህ አትከራከር። ለሕዝብ ግንኙነቱ በጽሑፍ አስገባና ቅጂው ላይ ቀን አስፈርም፣ መልስ የሚሰጡበት 30 ቀን አላቸውና በኋላ "አልደረሰንም" እንዳይሉህ።

መልስ 2፦ አዋጁ በ2013 ተሽሮ የለም እንዴ?

መልስ 1፦ በ1238/2013 የተተካው የሚዲያው ክፍል ነው። የመረጃው አለ።

መልስ 3፦ ከከለከሉህ መጀመሪያ ለበላይ ኃላፊው፣ ከዚያ እንባ ጠባቂ ተቋም። ክፍያ የለውም። ግን ወንድሜ፣ ትዕግሥት ሰንቅ፣ እኔ ስመላለስ ጫማዬ አልቋል 😅